ሳይተኮስ የሚደነግጥ ትከሻ



በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በጉለሌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘውን የእንጦጦ ማርያምን ደብር የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው ብለን እናምናለን። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህች ደብር እንደሆነ ከታሪክ ትምህርታችን እናስታውሳለን። እኛ ግን ዛሬ ስለ ዘውዱ አናወራም። የምናነሣው ከዚያው ኮረብታ ላይ ስላጋጠመን አንድ አጭር ጭውውትና እሱ ስላስነሣብን የፊዚክስ፣ ከፊዚክስም አልፎ የማስተማር ጥያቄ ነው።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችንን ይዘን፣ የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር እንዴት እንደሚቀንስ በባሮሜትር እየለካን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ወጣን። ሥራችንን ጨርሰን በደብሯ አጥር ጥግ ስናርፍ ወሬው ወደ ታሪክ ዞረ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ የጠመንጃ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ 2000 ያህል ጠመንጃዎች በግመል ጭኖ ወደ ሸዋ መምጣቱንና በ1879 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር የተገናኘው እዚሁ እንጦጦ ላይ መሆኑን ነገርናቸው። ከዚያም ጨዋታው ወደ ሰናድርና ወደ ውጅግራ፣ ከውጅግራም ወደ ዐድዋ ተሸጋገረ።

በአጠገባችን ከቅዳሴ የወጡ፣ በወጣትነታቸው ወታደር የነበሩ አንድ አዛውንት ተቀምጠው ያዳምጡን ኖሯል። አንዱ ተማሪያችን ወደ እሳቸው ዘወር ብሎ፣ «አባባ፣ ጠመንጃ ሲተኮስ ክፉኛ ይረግጣል ይባላል፤ ኢላማ አያስትዎትም ነበር?» ሲል ጠየቃቸው።

«ርግጫውስ ምን አላት ልጄ፣ አንድ ጊዜ ናት» አሉት። «እኛን ያስቸገረን ሊረግጠን ነው እያልን ቀድመን መደንገጣችን ነበር።»

ተማሪው ግን አልተዋጠለትም። ርግጫው ጥይቱ ከወጣ በኋላ የሚመጣ አጸፋ ስለሆነ ጥይቱን ሊያስተው እንደማይችል በኒውተን ሦስተኛ ሕግ ሊያስረዳቸው ሞከረ። አዛውንቱም ፈገግ ብለው ሰሙት። እኛም በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ተገነዘብን። ፊዚክስ ያልተማሩት አዛውንት የተናገሩት ትክክል ነበር፤ እኛ ያስተማርነው ተማሪ ደግሞ ሕጉን በቃሉ እየጠቀሰ ተሳስቶ ነበር።

«አጸፋ» የሚለው ቃል ያመጣው መዘዝ

የኒውተን ሦስተኛ ሕግ በመማሪያ ክፍሎቻችን «ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለው» ተብሎ ይነገራል። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ግን አጸፋ ማለት ቀድሞ ለመጣ ነገር ኋላ የሚሰጥ መልስ ነው። ሰው ይሰድበናል፤ ከዚያ በኋላ አጸፋውን እንመልሳለን። ስለዚህ ተማሪው ጥይቱ አስቀድሞ እንደሚሄድ፣ ጠመንጃውም ነገሩ ገብቶት ኋላ ላይ እንደሚራገጥ አድርጎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ያሳሳተው ቃሉ ነው።

በተፈጥሮ ዘንድ ግን ሁለቱ ኃይሎች ፊትና ኋላ የላቸውም። የባሩዱ ጋዝ እርሳሱን ወደፊት በሚገፋበት በዚያው ቅጽበት ጠመንጃውን ወደኋላ ይገፋል። ይህንን በቁጥር ማየት ይቻላል። ውጅግራ ብለን የምንጠራው እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል የሆነው የፈረንሳዮቹ የግራ ጠመንጃ ነው። ክብደቱ 4.2 ኪሎ ግራም፣ የእርሳሱ ክብደት 25 ግራም፣ እርሳሱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል፣ የአፈሙዙ ቧንቧ ርዝመት ደግሞ 82 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

የእርሳሱ ሞመንተም 0.025 ሲባዛ በ450፣ ማለትም 11.25 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ይህንን ለ4.2 ስናካፍለው ጠመንጃው ወደኋላ የሚመለስበት ፍጥነት በሰከንድ 2.7 ሜትር ያህል ሆኖ እናገኘዋለን። ከእርሳሱ ጋር የሚወጣውን የባሩድ ጋዝ ስንጨምርበት ደግሞ በሰከንድ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ጋዙን ሳንቆጥር እንኳ በትከሻ ላይ የሚያርፈው ኢነርጂ 15 ጁል ይደርሳል። ለንጽጽር ያህል፣ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ክላሽንኮቭ 8 ግራም ያህል የሚመዝነውን እርሳሱን በሰከንድ 715 ሜትር ሲወረውር፣ 4 ኪሎ ግራም የሚመዝን መሣሪያ ቢሆን የሚመለስበት ኢነርጂ በዚሁ ስሌት 4 ጁል ገደማ ብቻ ነው። የአያቶቻችን ትከሻ የቻለው ርግጫ ከዛሬው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይበልጥ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ተማሪያችን ስሕተት እንመለስ። እርሳሱ 82 ሳንቲ ሜትሩን ቧንቧ በሚያቋርጥበት ጊዜ ጠመንጃውም በተቃራኒው አቅጣጫ ይጓዛል፤ የሁለቱ የጉዞ ርቀት የመጠነ ቁሳቸው ተገላቢጦሽ ነው። ስሌቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰጠናል። እንግዲህ እርሳሱ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ጠመንጃው ርግጫውን ጀምሯል። ርግጫው ኋላ የሚመጣ መልስ ሳይሆን የድርጊቱ ሌላ ፊት ነው።

ጊዜው ሲቆጠር

ታዲያ ኢላማ የሚያስተው ይህ 5 ሚሊ ሜትር ነውን? በመሠረቱ አይደለም። ይህ ጉዞ ጠመንጃው በትክክል ከተያዘ በየተኩሱ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ዓይነት የሆነን ነገር ደግሞ ማነጣጠሪያውን በማስተካከል ማካካስ ይቻላል። ችግር የሚፈጥረው በየተኩሱ የሚለዋወጠው ነው፤ እሱም ከተኳሹ ይመጣል።

ምላጩ ከተለቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ መርፌው የጥይቱን ቂጥ መትቶ፣ ባሩዱ ተቀጣጥሎ፣ እርሳሱ ከአፈሙዝ እስኪወጣ ድረስ በአሮጌ ጠመንጃ እንኳ ከ0.02 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። የሰው ልጅ ግን ድምፅ ሰምቶ ወይም መነካት ተሰምቶት አስቦ ለመንቀሳቀስ 0.15 ሰከንድ ያህል ያስፈልገዋል። በእንጦጦ ዳገት ሲሮጡ የምናያቸው አትሌቶች ይህንን ቁጥር በሌላ መልኩ ያውቁታል። በአጭር ርቀት ውድድር የማስጀመሪያው ሽጉጥ ከተተኮሰ በኋላ ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የተነሣ ሯጭ ድምፁን ሰምቶ ሳይሆን ገምቶ እንደተነሣ ይቆጠርበትና ይሰረዛል። ከአንጎል ፈቃድ የማይጠይቀው ፈጣኑ የጡንቻ ቅጽበታዊ ምላሽ እንኳ ትከሻንና ክንድን ለማንቀሳቀስ ከ0.02 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል።

ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ አያወላዳም። ርግጫውን ተሰምቶት የደነገጠ ተኳሽ ድንጋጤው ጥይቱ ላይ አይደርስም፤ ጥይቱ ሄዷል። ኢላማውን የሳተው በድንጋጤ ከሆነ ድንጋጤው የግድ ከተኩሱ በፊት የጀመረ ነው። አዛውንቱ በልምድ ያወቁት ነገር በሰዓት ቆጣሪ ሲረጋገጥ ይህንን ይመስላል።

ስሕተቱስ ምን ያህል ነው? ከትከሻ እስከ አፈሙዝ ያለውን ርቀት 1 ሜትር ብንወስድና ተኳሹ ምላጩን ሲስብ አፈሙዙን በ1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢያደርገው፣ እርሳሱ 100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ 300 ሜትር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በዓይን የማይታይ እንቅጥቅጥ ከኢላማው ያስወጣዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ባለ ውጅግራ ጥይቱ ከሩቅ አገር በግዢ የመጣ፣ ተተኪውም በቀላሉ የማይገኝ ነበር። ለእሱ ይህች አንዲት ሚሊ ሜትር የስሌት ጨዋታ አልነበረችም።

ሰውነት ስለ ምን ይቀድማል?

ይህን ድንጋጤ ፈሪነት ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ ግን ስሕተት ነው። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስተውሉ። ጓደኛቸው ሸክሙን ልታሸክማቸው ስታነሣው፣ ሸክሙ ጀርባቸውን ሳይነካ ወገባቸው ጎንበስ፣ እግራቸው ጠንከር ይላል። ክብደቱ ካረፈ በኋላ ቢሆን ኖሮ ወደኋላ በወደቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ቆሞ ያለ ሰው ክንዱን በፍጥነት ሲያነሣ የእግሩና የወገቡ ጡንቻዎች ከክንዱ ጡንቻ ቀድመው ይሠራሉ። አንጎል የራሱ እንቅስቃሴ የሚያመጣውን ግፊት አስቀድሞ ያሰላና ሰውነትን ያዘጋጃል። በዚህ ስሌት ከራስ ቅላችን በስተኋላ የሚገኘው ሴሬቤለም የተባለው የአንጎል ክፍል ታላቅ ድርሻ አለው።

እንግዲህ ተኳሹ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ አንጎሉ ትምህርቱን ወስዷል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ። ጣትን «ሳብ» ብሎ ሲያዝዝ በዚያው ትእዛዝ ትከሻን «ግፋ»፣ ዓይንን «ተከደን» ይላል። ጥበቃው ጥሩ ነው፤ ጊዜው ግን በጥቂት መቶኛ ሰከንድ ቀድሟል። እናቶቹን ከመውደቅ ያዳናቸው ችሎታ ተኳሹን ኢላማውን አስቶታል። ስለዚህም «አትፍራ!» እያሉ መጮህ አይረዳም። ተኳሹ መደንገጡን ራሱ አያውቅም፤ የሚያውቅበትም መንገድ የለውም፤ ምክንያቱም ወዲያው የሚመጣው እውነተኛው ርግጫ ቀድሞ የተደረገችውን ትንሿን እንቅስቃሴ ውጦ ያስቀራታል።

ባዶው ቀለህ

ይህንን ለመግለጥ የተኩስ አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። እኚያ አዛውንትም የእሳቸው አሠልጣኝ እንዴት ያደርግ እንደነበር አጫወቱን። አሠልጣኙ ጠመንጃውን ተቀብሎ ፊቱን ያዞርና ያጎርሰዋል። አንዳንዴ እውነተኛ ጥይት፣ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ። ተኳሹ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ምላጩን ሲስብ ባዶ ከሆነ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ርግጫ የለም። በዚህ ጊዜ አፈሙዙ ወደ ታች ሲዘፈቅ ተኳሹም አሠልጣኙም በዓይናቸው ያዩታል። «ያን ጊዜ አፈርን» አሉን አዛውንቱ፤ «ካፈርን በኋላ ግን ተማርን።»

መድኃኒቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተኳሹ በባዶ ጠመንጃ ደጋግሞ ይለማመዳል፤ ምላጩን በአንድ ጊዜ ከመንጨቅ ይልቅ ግፊቱን ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ የሚፈነዳበትን ቅጽበት ለመወሰን አይሞክርም። ሰደፉን በትከሻው ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ጆሮውን ይሸፍናል፤ ቀላል ርግጫ ባለው መሣሪያ ይጀምራል። ዓላማችን ለአንባቢ ተኩስ ማስተማር አይደለም። ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው የዚህን ዘዴ ሳይንሳዊ ባሕርይ ነው። ባዶው ቀለህ በቤተ ሙከራ ቋንቋ የማነጻጸሪያ ሙከራ ነው፤ የአሠልጣኙ ፊት ማዞር ደግሞ ውጤቱን የሚጠብቀው ሰው እንዳያውቅ ማድረግ ነው። አዳዲስ መድኃኒቶች የሚፈተሹበት ዘዴም መሠረቱ ይኸው ነው።

የእኛው ርግጫ

ከእንጦጦ ከወረድን በኋላ በጠረጴዛችን ላይ የጠበቀን ክምር የተማሪዎች የቤተ ሙከራ ሪፖርት ነበር። ሥራው የታወቀው የፔንዱለም ሙከራ ነው፤ በክር ላይ ያንጠለጠሉትን ብረት እያወዛወዙ የምድርን የስበት ፍጥንጥነት መለካት። አንዱን ገለጥን፤ 9.81 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይላል። ሁለተኛውን ገለጥን፤ 9.80። ሦስተኛው እንደገና 9.81። ቀደም ሲል በእነዚህ ቁጥሮች ደስ ይለን ነበር። በዚያ ምሽት ግን ደነገጥን።

ምክንያቱን እናስረዳ። 9.81 በአውሮፓ ኬክሮስ፣ በባሕር ወለል አካባቢ የሚገኝ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከፍታዋም 2400 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱም የስበትን ፍጥንጥነት ይቀንሱታል። በከተማችን ትክክለኛው መጠን 9.77 ያህል ነው፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም በጥቂቱ ያንሳል። ልዩነቱ ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን ከተማሪ አቅም በላይ አይደለም። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ በ9.81 ቢሆን 2.006 ሰከንድ፣ በ9.77 ግን 2.010 ሰከንድ ይወስዳል። በ100 ውዝዋዜ ልዩነቱ 0.4 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ርዝመቱን እስከ ሚሊ ሜትር በጥንቃቄ የለካ፣ ውዝዋዜውን በጠባብ ማዕዘን የያዘና ሰዓቱን ደጋግሞ የወሰደ ተማሪ ሊያየው ይችላል። በጥንቃቄ ያልሠራ ደግሞ 9.6 ወይም 9.9 ሊያገኝ ይችላል፤ ይህም ሐቀኛ ውጤት ነው። ነገር ግን ሪፖርቱ ሁሉ ተሰልፎ 9.81 የሚል ከሆነ፣ ቁጥሩ ከፔንዱለሙ ሳይሆን ከመማሪያ መጽሐፉ የመጣ ነው። ተማሪው ምላጩን ሳይስብ ደንግጧል።

በዚህ ነገር ተማሪን ብቻ መውቀስ ለእኛ አይገባንም። በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር እኛም ይኸው ደርሶብናል። ልኬታችን ከታተመው ቁጥር ጋር ሲስማማ ስሕተት መፈለግ እናቆም ነበር፤ ሳይስማማ ሲቀር ግን ስሕተት ስንፈልግ ሳምንታት እናሳልፍ ነበር። አማካሪያችን ይህንን ባየ ጊዜ ያለ ቁጣ በመረጃችን ላይ እኛ የማናውቀውን አንድ ቁጥር ደመረበትና ሥራው እስኪያልቅ ደብቆ አቆየው። ባዶ ቀለህ አጎረሰን ማለት ነው። አፈሙዛችን ምን ያህል እንደሚዘፍቅ ያየነው ያን ጊዜ ነው። ታላላቆቹም ከዚህ አላመለጡም። አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው የኤሌክትሮን ቻርጅ መጠን፣ የተጠቀመበት የአየር ዝልግልግነት ቁጥር ትክክል ስላልነበረ በጥቂቱ ያነሰ ነበር። ከእሱ በኋላ የለኩ ሰዎች ወደ ትክክለኛው ቁጥር በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ እንደተጠጉ፣ ምክንያቱም ከሚሊካን በጣም የራቀ ውጤት ሲያገኙ ራሳቸውን ይጠራጠሩ ስለነበር እንደሆነ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባደረገው ንግግር አስታውሷል።

ታዲያ ለተማሪዎቻችን ርግጫው ምንድን ነው? ቀይ እስክሪብቷችን ነው። 9.81 ለጻፈው ሙሉ ነጥብ፣ 9.6 ለጻፈው ግማሽ ነጥብ የሰጠን እኛ ነን። ሁለትና ሦስት ጊዜ እንዲህ የተረገጠ ተማሪ በአራተኛው ትከሻውን ቢያዘጋጅ አንጎሉ በትክክል መሥራቱን ያሳያል እንጂ ምግባረ ብልሹነቱን አያሳይም። እኛም እንደ ጯሂው አሠልጣኝ «ቁጥር አትፍጠሩ!» እያልን ብንገሥጽ የሚለወጥ ነገር የለም። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ይሠራል፤ ተማሪው የተሳሳተ ቁጥር እንዳይጽፍ ፈርቶ የተሳሳተ ቁጥር ይጽፋል፤ 9.81 ለአዲስ አበባ ስሕተት ነውና።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቻችን «የሚጠበቀውን መልስ የማያውቅ ጀማሪ ትክክል መሥራቱን በምን ያውቃል?» ሲሉ ይሞግቱናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ጀማሪ ተኳሽም ኢላማውን ያያል፤ የሚደበቅበት ጥይቱ ነው የሚል ነው። ተማሪው ዘዴውን፣ ቀመሩንና የመሣሪያውን የስሕተት ወሰን ይወቅ። የሚደበቀው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ይሁን፤ ሪፖርቱ ከገባ በኋላም ይገለጥለት።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ መምህራን ለቤተ ሙከራ ሥራ ነጥብ ስንሰጥ ውጤቱ ለመጽሐፉ መቅረቡን ትተን፣ ተማሪው የስሕተቱን ወሰን በሐቀኝነት መገመቱን እንመዝን። ሁለተኛ፣ በየሴሚስተሩ ቢያንስ በአንድ ሙከራ ባዶ ቀለህ እናጉርስ፤ መጠኑ በየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ ብረት፣ ርዝመቱን መምህሩ ብቻ የሚያውቀው ክር፣ ጥንካሬው ያልተጻፈበት ሞላ እንስጥ። ሦስተኛ፣ «አጸፋ» የሚለውን ቃል ስናስተምር ፊትና ኋላ እንደሌለው የጠመንጃውን 5 ሚሊ ሜትር እያሰላን እናሳይ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያላችሁ አንባብያንም ቤተ ሙከራ የለንም ብላችሁ አትቀሩ። አንድ ሜትር ክር፣ አንድ ከባድ ብሎን፣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ሰዓት በቂ ነው። ከተቻላችሁ አንድ ጊዜ በሰፈራችሁ፣ አንድ ጊዜ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ነፋስ በማይነካው ጥግ ለኩ። 100 ጊዜ አወዛውዙ፤ አምስት ጊዜ ድገሙት። ለሥራችሁ አንድ ሕግ ብቻ አኑሩ፤ ስሌቱን ከመጀመራችሁ በፊት የሰዓቱን ንባቦች በሙሉ በእስክሪብቶ ጻፉ፣ ከጻፋችሁም በኋላ አንዱንም አትሰርዙ። ያገኛችሁት ቁጥር 9.5 ቢሆንም 10.1 ቢሆንም ከነስሕተት ወሰኑ ላኩልን፤ በዚህ መጽሔት እናወጣዋለን። 9.81 ብቻ የሚል ከመጣ ግን አፈሙዛችሁ ዝቅ ብሎ እንደሆነ መጠየቃችን አይቀርም።